ክላሲካሉ ምን ይላል?

ከአንድ ሰው ጋር ለወራት ስለ አንድ ነገር ስታወሩ ከርማችሁ፣ በመጨረሻ የምታወሩት ስለ ሁለት የተለያዩ ነገሮች እንደነበረ የገባችሁ ቀን አለ? ቃሉ አንድ ነው። ሁለታችሁም ራሳችሁን ትነቀንቃላችሁ፣ «ልክ ነው» ትባባላላችሁ፣ አብራችሁም ትስቃላችሁ። አንድ ቀን ግን አንዳችሁ ትንሽ ጥያቄ ይጠይቃል፤ ያኔ ሁሉም ነገር ይገለጣል። እኔን ይህ የገጠመኝ «ክላሲካል» በሚለው ቃል ነው።

ነገሩን ከመጀመሪያው ላስረዳ። ማስረዳት እወዳለሁ፤ እንጀራዬም እሱ ነው። አሜሪካ፣ ኦሃዮ ውስጥ፣ በሰሜን ኮሎምበስ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ሙዚቃ አስተምራለሁ። የምኖረው ብሌንደን ታውንሺፕ ውስጥ፣ የአንድ ቤተሰብ ምድር ቤት፣ ቤዝመንቱን ተከራይቼ ነው። ባልየውን ጋሼ፣ ሚስትየውን እትዬ እላቸዋለሁ። ጋሼ በሱዳን በኩል ተሰደው የመጡ ሰው ናቸው። አሁን ከዌርሃውስ ወደ ሱቆች ዕቃ የሚያመላልስ ትራክ ይነዳሉ። እትዬ አረጋውያን የሚጦሩበት ነርሲንግ ሆም ይሠራሉ። አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ ሃይስኩል ልትጨርስ ጥቂት ወራት የቀሯት፣ ከልጅነቷ ጀምሮ ቼሎ የምትጫወት። ቼሎ ለማያውቅ፣ የቫዮሊን ታላቅ ወንድም ማለት ነው፤ ተቀምጠው በጉልበት መሃል አድርገው በደጋን የሚጫወቱት፣ ድምፁ የጎልማሳ ወንድ ድምፅ የሚመስል።

በዚያ የበረዶ ወራት ልጅቷን ዩኒቨርሲቲ ዲስትሪክት የሚባለው ሰፈር ያለው ትልቁ ዩኒቨርሲቲ ሙዚቃ እንድትማር ተቀበላት። መልሷን እስከ ወሩ መጨረሻ መስጠት ነበረባት። እናቷ እልል ብለዋል። አባቷ ግን «ኦኬ» ነው ያሉት።

«ኦኬ ብለዋል እኮ፤ ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?» አልኳት፣ አንድ ቀን ልብስ ልታጥብ ወደ እኔ ወለል ስትወርድ።

«ዕቃ ልሽጥልህ ብሎ ለሚደውል ቴሌማርኬተርም ኦኬ ይላል። ኦኬ ይልና ስልኩን ይዘጋል።»

ከዚያ ልብሶቹን ማሽኑ ውስጥ እየወረወረች፣ ግማሹን በእንግሊዝኛ ግማሹን በአማርኛ ነገረችኝ። አባቷ ከአንድም ኮንሰርት ቀርተው አያውቁም። ይመጣሉ፣ ያጨበጭባሉ፣ «ጎበዝ» ይላሉ፣ መኪናውን ያስነሳሉ። በቃ። ምን እንደሰሙ ተናግረው አያውቁም።

«እሱ የማይሰማውን ነገር ይዤ ከዚህ ቤት መውጣት አልፈልግም» አለች። «ካልገባው ፋርማሲ እገባለሁ። ፋርማሲ ይገባዋል።»

ቀልድ መስሎኝ ልስቅ ነበር። የማሽኑን ክዳን ዘግታ ቀና ስትል ፊቷን አየሁትና ተውኩት።

ከጥቂት ቀን በኋላ የትምህርት ቤቷ ኮንሰርት ነበር። እትዬ ሥራ ስለነበሩ የሄድነው ጋሼና እኔ ነን። ሲያልቅ ልጅቷ ከጓደኞቿ ጋር ቀረች፤ እኛ ወደ ቤት መንገድ ጀመርን። ሚነርቫ ፓርክ አካባቢ ስንደርስ ጋሼ ሬድዮውን ቀነሱት።

«የመጨረሻው ክላሲካል የማን ነበር?»

ደስ አለኝ። ሲጠይቁ ሰምቼ አላውቅም። «ቪየና ይኖር የነበረ ሰው ሥራ ነው ጋሼ። ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ሆኖታል።»

«እሱማ የደረሰው ነው። የዘፈነውን ነው የምጠይቅሽ።»

«ማንም አልዘፈነውም።»

«ዘፋኙ ሞቷል?»

«ዘፋኝ የለውም።»

«አሁን ክላሲካል ሲያደርጉት ነዋ ያወጡት» አሉ፣ ለማይገባው ተማሪ በሚታገሥ ድምፅ። «መጀመሪያ ላይማ ይኖረዋል።»

ይህን ጊዜ ነው የገባኝ። እኛ አገር «ክላሲካል» ስንል ምን ማለታችን እንደሆነ አስቡት። አንድ የታወቀ ዘፈን አለ፤ ዘፋኙ ይወጣና ዜማው በሳክስፎን ወይም በኪቦርድ ብቻ ይቀራል። ሆቴል ስንበላ፣ ቢሮ ወረፋ ስንጠብቅ፣ በቴሌቪዥን ኀዘን ሲነገር የምንሰማው እሱን ነው። ድምፅ ማጉያው ግጥም ባይኖረውም እኛ ግጥሙን እናውቀዋለን፤ ከንፈራችንን ሳናንቀሳቅስ እንለዋለን። ስለዚህ ለጋሼ ክላሲካል ማለት ግጥሙ የተወሰደበት ዘፈን ነው። ልጃቸው ያንን ሁሉ ዓመት ሳሎን ውስጥ ስትለማመድ የነበረችው የእነሱን፣ የፈረንጆቹን ዘፈን ነው።

ቀይ መብራት ላይ ቆምን።

«እና እነዚያ ሁሉ ሰዎች» አሉ ጋሼ፣ ዓይናቸውን ከመብራቱ ሳይነቅሉ፣ «ትንፍሽ ሳይሉ የሚቀመጡት፤ ግጥሙን በልባቸው እያሉት አይደለም?»

«አይደለም። ግጥም የለውም።»

«እኔ እኮ ሁሉም የሚያውቁት ዘፈን ነው፣ ግጥሙን የማላውቀው እኔ ብቻ ነኝ ብዬ…»

አልጨረሱትም። መብራቱ አረንጓዴ ሆኗል፤ ከኋላችን ያለው መኪና ጡሩምባውን ነፋ።

«ልጅቷን አይጠይቋትም ነበር?» አልኩ፣ ስንንቀሳቀስ።

«ምን ብዬ? አባትሽ ዘፈኑን አያውቅም ልበላት?»

ይሄ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ማሳዘኑ አንድ ነገር ነው፤ የበለጠ የያዘኝ ግን ሌላ ነበር። የጋሼ ጥያቄ የሆነ ቦታ የማውቀው ጥያቄ መሰለኝ። መጻሕፍቴን አገላበጥኩ፤ እውነትም አውቀዋለሁ። በአሥራ ስምንተኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ የአብርሆት ዘመን በሚባለው ጊዜ፣ የአውሮፓ የተማሩ ሰዎች አጥብቀው ይጠይቁት የነበረው ይህንኑ ነው። ሁሉ ነገር በአመክንዮ ፊት ቀርቦ «አንተ ምን ትጠቅማለህ? ምን ትላለህ?» የሚባልበት ዘመን ነበር። ዘፈን ሲጠየቅ ግጥሙን ያሳያል። ኦፔራ ሲጠየቅ ታሪኩን ያሳያል። ቫዮሊን ብቻውን ሲቆምስ? ብዙዎቹ «ደስ የሚል ጩኸት ነው፣ እንደ ምንጣፍ ጌጥ» ብለው አለፉት። ጋሼ መኪናቸው ውስጥ ተቀምጠው ከእነዚያ ፈላስፎች ጋር ሳይተዋወቁ ይከራከሩ ነበር ማለት ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ትንሿን ነጭ ሰሌዳዬን ይዤ ወደ ላይ ወጣሁ። ጋሼ ቁርስ ላይ ነበሩ።

«ዛሬ ደግሞ ስኩሉ እዚህ ሆነ?» አሉ እትዬ።

«አምስት ደቂቃ ብቻ» አልኩ። አምስት አልነበረም። ሰሌዳው ላይ ከግራ ወደ ቀኝ መስመር አሰመርኩ። ሙዚቃ በፊት የቤተ ክርስቲያንና የቤተ መንግሥት ነበር፤ ቃል ያገለግላል፣ ጭፈራ ያገለግላል፣ የመኳንንት እራት ያጅባል። በአብርሆት ዘመን ግን ቲኬት የገዛ ሁሉ የሚገባበት የሕዝብ ኮንሰርት እየበዛ ሄደ። ሰው የመጣው ለእራት ወይም ለጭፈራ ሳይሆን ለማዳመጥ ነው፤ የሙዚቃ ደራሲዎቹም ያለ ቃል ረጅም ሰዓት የሚያቆየውን ነገር መሥራት ነበረባቸው። ሲምፎኒ በዚህ መሃል አደገ። በሚቀጥለው ክፍለ ዘመን ነገሩ ተገለበጠ፤ ትናንት የምንጣፍ ጌጥ የተባለው ቃል አልባ ሙዚቃ፣ ዛሬ «ቃል የማይደርስበት ይደርሳል» ተብሎ ከሁሉም በላይ ተሰቀለ። ከዚያም ጠብ መጣ። አንዱ ወገን ለአድማጩ ታሪኩን ወረቀት ላይ አትሞ ያድላል፤ ሌላው «ሙዚቃ የሚለው ራሱን ነው፣ ተረት አትጨምሩበት» ይላል።

ጋሼ እንቁላላቸውን ጨርሰው እጃቸውን ጠረጉ።

«ገባኝ» አሉ።

«በጣም ጥሩ! ምን ገባዎት?»

«ጎበዝ አስተማሪ እንደሆንሽ።»

እትዬ ከማጠቢያው ዞረው ሳቁ።

«ግን» አሉ ጋሼ፣ «ምን ይላል?»

«ጥያቄው እኮ እሱ ነው ጋሼ! ያኔም የጠየቁት እሱን ነው!»

«እና ምን ተባሉ?»

«እስከ ዛሬ ይከራከራሉ።»

«እንግዲያው ለዛሬ እኔን ልቀቂኝ፤ የመኪና ዘይት ልቀይር ነው።»

ሰሌዳዬን ይዤ ወረድኩ። ልጅቷ ደረጃው አናት ላይ ተቀምጣ ሁሉንም ሰምታ ነበር። ትከሻዋን ብቻ ከፍ ዝቅ አደረገች። የወሩ መጨረሻ እየቀረበ ነው።

የሆነው ሁሉ የሆነው በሚቀጥለው ሳምንት፣ እራት ሳይደርስ ነው። ጋሼ ኩሽና ውስጥ ሽንኩርት ይከትፋሉ፤ እትዬ ከሥራ ሲመጡ ለወጥ እንዲደርስላቸው ታዘዋል። እኔ ጠረጴዛው ላይ የተማሪዎቼን ፈተና አርማለሁ። ልጅቷ ሳሎን ውስጥ ትለማመዳለች። የያዘችው ከአብርሆት ዘመን የቀረ ቀለል ያለ ሥራ ነበር፤ ዜማው ይወጣል፣ ይዞራል፣ ወደ ተነሳበት ድምፅ ይመለሳል። ሊመለስ አንድ ኖታ ብቻ ሲቀረው ስልኳ ጮኸ። ጓደኛዋ ኮል አድርጋ ነው። ደጋኑን አስቀመጠችና ወደ ኮሪደሩ ወጣች።

ቢላዋው ቆመ።

ጋሼ ወደ ሳሎኑ አዩ። መክተፍ ጀመሩ። ደግሞ አቆሙ። አንገታቸውን አሹ። እኔ እስክሪብቶዬን ይዤ ቀረሁ፤ ምን እየሆኑ እንደሆነ ገና አልገባኝም። በመጨረሻ አልቻሉም።

«አንቺ! ጨርሺው እንጂ!»

ልጅቷ ስልኩን ደረቷ ላይ አድርጋ ብቅ አለች። «ምኑን?»

«ያንን! አሁን ያልሽውን!»

«ዳዲ፣ ዘፈኑን ታውቀዋለህ እንዴ?»

«ከየት አውቄው?»

«ታዲያ እንዳላለቀ በምን አወቅህ?»

ጋሼ ቢላዋውን እንደያዙ አሰቡ። ሽንኩርቱ ዓይናቸውን አስለቅሶታል። ቃሉን ሲፈልጉ፣ ቃሉን ሲያገኙት ፊታቸው ላይ አየሁት።

«አራት ነጥቡ የለማ!» አሉ።

ልጅቷ ጓደኛዋን «መልሼ እደውልልሻለሁ» ብላ ዘጋችው። እኔ ከወንበሬ ብድግ አልኩ፤ ፈተናዎቹ ወለሉ ላይ ተበተኑ። አስተማሪ ነኝና ዝም ማለት አልቻልኩም። በአብርሆት ዘመን ሙዚቃን የሚያጠኑ ሰዎች ይህንኑ ብለው ጽፈዋል አልኳቸው፤ ዜማ እንደ ንግግር ነው፣ ነጠላ ሰረዝ የሚያርፍበት፣ ነጥብ የሚያበቃበት አለው ብለዋል።

«እነሱም አራት ነጥብ አላቸው?» አሉ ጋሼ።

«አንድ ነው ያላቸው።»

«አንድ ብቻ? ቆጣቢዎች።»

ልጅቷ ተመልሳ ተቀመጠች። «ዳዲ፣ ና እዚህ» አለች። መጡ፤ ቢላዋውንም ይዘው መጡ። ከመጀመሪያው ጀመረችና እንደፈለገች መሃል መሃል ላይ ማቆም ያዘች። ስታቆም ጋሼ ይፈርዳሉ።

«ነጠላ ሰረዝ።»

ትንሽ ሄደች፤ አቆመች።

«ይሄም ነጠላ ሰረዝ።»

ሄደች፤ ድምፁን ወደ ላይ ትታው አቆመች።

«ይሄ የጥያቄ ምልክት ነው። ልጅ ሆነሽ ‹ልውጣ?› የምትይውን ይመስላል።»

ቀጠለች። ዜማው ወደ ቤቱ ሲቃረብ ጋሼ «አሁን፣ አሁን አራት ነጥብ» እያሉ ጣታቸውን አነሱ። ልጅቷ ግን የተጠበቀውን ኖታ ትታ ሌላ፣ ጨለም ያለ ድምፅ መታች። የጋሼ ጣት አየር ላይ ቀረ።

«አታለልሽኝ!»

«እኔ አይደለሁም፣ እሱ ነው! የጻፈው ሰውዬ!» ከወንበሯ ልትነሳ ምንም አልቀራትም። «በር ድረስ ይወስድሃል፣ ከዚያ ወደ ሌላ ክፍል ያስገባሃል። ሆን ብሎ ነው። ዳዲ፣ እኔ የምወደው እኮ ይሄን ነው!»

የተጠለፈውን ዜማ ጎተት አድርጋ መለሰችው፤ በመጨረሻ አሳረፈችው። ጋሼ ሶፋው ጫፍ ላይ ቁጭ አሉ።

«ግጥም የለውም አላችሁኝ አይደል?»

«የለውም» አልን ሁለታችንም።

«ታዲያ ‹ቆይ› ያለኝ ማነው?»

እኔ መልስ ነበረኝ፤ ሰሌዳ የሚሞላ መልስ። ልጅቷ አየችኝና አፌን ያዝኩ።

ልጅቷ አባቷን «አንድ ሌላ ነገር ልጫወትልህ» አለች። ባለፈው ክፍለ ዘመን አንዳንድ ደራሲዎች መነሻ ቤት የሚባለውን ድምፅ ጭራሽ ተዉት፤ ሁሉም ድምፅ እኩል ነው፣ የሚመለሱበት ቦታ የለም አሉ። እንደዚያ ያለ አጭር ሥራ ነበር የተጫወተችው። ጋሼ ግንባራቸውን ቋጥረው እስከ መጨረሻው አዳመጡ። ሲያልቅ እኛን አዩን፤ እንዳለቀ ገና አልተረዱም።

«አለቀ» አለች ልጅቷ።

«አራት ነጥቡን ምን አደረጉት?»

«አንፈልግም አሉ።»

ጋሼ አሰቡ። «ሰውየው ገና እያሰበ ነው» አሉ። «ይተዉት፣ ያስብ።» እኔ ስለዚያ ሙዚቃ ብዙ ገጽ አንብቤያለሁ፤ በተማሪዎቼ ፊት ስናገር አሁን የምጀምረው በጋሼ ቃል ነው።

በሩ ተከፈተ፤ እትዬ ገቡ። ሦስታችንን ሶፋ ላይ አዩ፣ ቢላዋውን አዩ፣ ወደ ኩሽናው አዩ።

«ሽንኩርቱስ?»

«ነጠላ ሰረዝ ላይ ነው» አሉ ጋሼ።

እትዬ ምንም ሳይገባቸው «እናንተ ሰዎች» ብለው ካፖርታቸውን ሰቀሉ። ጋሼ ተነሱ፤ ግን ወደ ኩሽናው አልሄዱም። ልጃቸው ፊት ቆሙ።

«አራት ዓመት የምትማሪው ይሄንን ነው? ሰው ማስጠበቅ?»

«እንደዚያ ነገር» አለች።

«እሱንማ ጠዋት ጠዋት ባዝሩም ውስጥ ተምረሽ ጨርሰሻል።»

ሳቀች፤ እያሳቃት ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገች። ጋሼ በነጻው እጃቸው የቼሎውን አንገት ነካ አደረጉት፤ በዚያ ቤት ውስጥ ያንን ሁሉ ዓመት ሲኖር ሲነኩት አይቼ አላውቅም።

«በይ መልሺላቸው። ሰዎቹን አታስጠብቂ» አሉ። «ስትጨርሺ ያቺን ያታለልሽኝን ቦታ ድገሚልኝ። በዚህኛው ዙር እይዝሻለሁ።»

ኦኬ አላሉም። ልጅቷም ይህን ያስተዋለች ይመስለኛል፤ ላፕቶፗን እዚያው ሳሎን ውስጥ ከፍታ አክሰፕት የሚለውን ተጫነችና ወደ ደጋኗ ተመለሰች። ጋሼ በዚያ ዙርም አልያዟትም።

በጸደይ ወቅት የመጨረሻዋን ኮንሰርት ተጫወተች፤ እትዬም ፈቃድ ወስደው መጡ። አዳራሹ ጸጥ ብሏል። ጋሼ በእኔና በእትዬ መሃል ተቀምጠዋል። ሙዚቃው ትንፋሽ ለመውሰድ ቆም ሲል፣ ጎንበስ ብለው በጆሮዬ «ነጠላ ሰረዝ» አሉ። ጋሼ ማንሾካሾክ አያውቁም። ከፊታችን ያለች ሴትዮ ዘወር ብላ አየችን። ለእሷ ልነግራት የፈለግሁትን ለእናንተ ልንገራችሁ፤ ይህ የዛሬው ዝምታ ኋላ የመጣ ልማድ ነው። በአብርሆት ዘመን ሰው አዳራሽ ውስጥ ያወራ ነበር፤ ደስ ያለው ቦታ መሃል ላይ ያጨበጭባል፣ ይደገም ብሎ ይጮኻል። ጋሼ አዳራሹን አልተሳሳቱም፤ ትንሽ ዘግይተው ገቡ እንጂ።

ክላሲካሉ ምን እንደሚል እስከ ዛሬ አላውቅም። ከዚያ ምሽት ወዲህ የማውቀው፣ ባይነግሩንም ሲያልቅና ሳያልቅ እንደምንለይ ነው፤ ያ ከየት እንደመጣ ማሰብ ገና አልሰለቸኝም።

ስለዚህ እናንተም ሞክሩት። ቤታችሁ ውስጥ የሚጫወት ወይም የሚያንጎራጉር ሰው ካለ፣ ማንም የማያውቀውን ዜማ እንዲጀምርና የመጨረሻዋ ድምፅ ስትቀር ቀጥ እንዲል ንገሩት። ለሌሎቹ ምንም አትንገሩ። ሰሃን የሚያጥበውን፣ ስልክ የሚነካካውን፣ «እኔ ሙዚቃ አይገባኝም» የሚለውን ሰው እዩ። ማን አንገቱን ቀና እንዳደረገ ያዙና በምን እንዳወቀ ጠይቁት። መልሱን እስኪያገኝ ታገሡት። ከዚያ ግን የቀረችውን ድምፅ ስጡት፤ ሰውን ነጠላ ሰረዝ ላይ ትተው አይሄዱም።